ቀይ የቀረው ድዴ

ከዓመቱ ወቅቶች ሁሉ ጥንቅሽ የሚደርስበትን እወዳለሁ። ማሽላው ከመታጨዱ በፊት ገበሬው ጣፋጩን አገዳ ከመሀል እየለየ፣ በአህያ እየጫነ ወደ ቆቦ ያመጣዋል። ያን ሰሞን ከጎብዬ እስከ ዋጃ ድረስ በመንገዱ ዳር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጥንቅሽ በእጁ ይዟል። ቅርፊቱን በጥርሱ ገሽልጦ ይጥልና ውስጡን እያኘከ ይመጥጣል፣ ምጣጩን ይተፋል፣ ወሬውን ይቀጥላል። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተልጦና ተቆራርጦ ነው የሚሰጣት። እኔ በራሴ ጥርስ እልጥ ነበር። ሰው እያየኝ ስልጥ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም።

አምና ነገሩ የተጀመረው በዚያ ጥንቅሽ ነው።

ያሳደግኳት የልጄ ልጅ ታጭታ፣ ሠርጉ ከአጨዳ በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። ዘመዱ ተሰብስቦ በልጄ ግቢ ከኒም ዛፉ ሥር ተቀምጠናል። ስለ ድንኳኑና ስለ በሬው ይነጋገራሉ፣ እኔ ጥንቅሼን እልጣለሁ። ከፊት ለፊቴ የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት ተቀምጣለች። ስሟን አልጠራም፤ ቆቦ ትንሽ ከተማ ነው፣ የሚያውቃት ያውቃታል። ከሙሽርነቴ ጀምሮ አንቱ ስላት ኖሬያለሁ፣ እሷ አንቺ ስትለኝ ኖራለች። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሷ እላታለሁ። ጽሑፉ የእኔ ነው።

አገዳውን በቀኝ በኩል ነክሼ ወደ ታች ስስበው አንድ ነገር ከላይ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ከክራንቻዬ አጠገብ ያለችው የፊት ጥርሴ ናት። አገዳውን ከአፌ ሳወጣው ነጩ ላይ ደም አለ። ቶሎ ብዬ ወደ ጉያዬ አዞርኩት፤ ግን እሷ እኔን ከማየት ሌላ ሥራ ኖሯት አያውቅም።

«ደም ነው እንዴ?» አለች።

«የአገዳው ቀለም ነው።»

«ጥንቅሽ ይደማል? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጥንቅሽ ሲደማ አላየሁም። እስቲ አፍሽን ክፈች።»

«ይቅርብዎ።»

«ኧረ የምጠይቀው በምክንያት ነው! ለሠርጉ ትደርስልሽ ይሆን?» ብላ ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ብትወልቅም ምንም አይደል። ፎቶ ላይ እንደሆነ እሷ ድሮም አፏን አትከፍትም።»

ሰው ሳቀ። የእሷ ሳቅ ሲመጣ በላይኛው ጥርሷ ላይ ያለው ወርቅ ብልጭ ይላል፤ ያን ወርቅ ያስገባችው ልጇ ከዓረብ አገር የመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልሳቀችበት ለቅሶ እንኳ ጥቂት ነው።

ሰው ለምን እንደሳቀ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እኔ የጎብዬ ገበሬ ልጅ ነኝ። ወደ ቆቦ በተዳርኩበት ዘመን ሴት ልጅ ድዷን ሳትነቀስ ሙሽራ አትባልም ነበር። መርፌዎች ተጠፍረው ታስረው ድዱ ይወጋል፣ የኩራዝ ጥላሸት ይታሽበታል፣ ሲድን እንደ ጠቆረ ይቀራል። ድዱ ሲጠቁር ጥርስ ይነጣል ይባላል። ድድም ይጠነክራል፣ ክፉውም ደም ይወጣል ይሉ ነበር። የእኔ እናት እኔ ገና ሳልጠና ሞታለች። አባቴ ቁርኣን የሚቀራ ሰው ስለነበረ ንቅሳቱን አይወደውም፤ ማንም አላስነቀሰኝም። ቀይ ድድ ይዤ መጣሁ።

አማቴ ምንም አላሉም። ነገሩን ያነሳችው ልጃቸው ናት። «ሰው ሲመጣ ወንድሜ ጥሬ ሥጋ አገባ ይባላል» ብላ ነቃሽ አስጠራች። እኔም እሺ አልኩ፤ አዲስ ሙሽራ እንቢ የምትልበት አፍ የላትም። ነቃሿ አሮጊት ከሮቢት በኩል የመጣች ናት፣ እጇ ፈጣን ነው። የባሌ እህት ተቀምጣ ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ ያዘችው፣ በጣቷም የላይኛውን ከንፈሬን ወደ ላይ ሳበችው። ከቀኝ ተጀመረ። ሕመሙን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ዓይኔ ብቻ ነበር የሚያለቅሰው።

መሀል ሲደርሱ፣ እኔ እንደማልሰማ ሁሉ፣ ከላዬ ላይ ሆና ለነቃሿ እንዲህ አለቻት፦

«እናት ብትኖራት እኮ በወጉ አስነቅሳ ትልካት ነበር። እናቷም በሕይወት እያለች ቢሆን ወግ የምታውቅ ሴት አልነበረችም አሉ።»

ጣቷ አፌ ውስጥ ነበር። ነከስኩት።

እንደ ቀልድ አይደለም የነከስኩት። ጮኸች፣ ጉልበቷ ተከፈተ፣ ተነስቼ አፌን በእጄ ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ነቃሿ ጠብቃ ጠብቃ መርፌዋን ጠቅልላ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የላይኛው ድዴ ቀኙ ጥቁር ነው፣ ግራው ቀይ ነው፤ ልክ መሀል ላይ እንደ ድንበር ይቆማል። የእሷም ሌባ ጣት ላይ የጥርሴ ምልክት አለ። ተጸጽተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። አላውቅም።

እሷ ግን አልተወችኝም። ስሜን ትታ «ቡራቡሬ» ስትለኝ ሰፈሩ ሁሉ ተከተላት። ሱቅ ስሄድ ቡራቡሬ፣ ወፍጮ ቤት ስሄድ ቡራቡሬ። እኔም አፌን መሸፈን ለመድኩ። ስስቅ ጉፍታዬ ወደ አፌ ይመጣል፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሳው። ልጆቼ ትንንሽ እያሉ ሴት ስትስቅ አፏን መሸፈን ሃይማኖት የሚመስላቸው ጊዜ ነበር።

ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለት፣ ስለ ድዴ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ለእኔ ወግኖ እህቱንም አንድ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ይህን ሁለተኛውን አልረሳሁለትም። ዝም የሚል ሰው ነበር። በገበያ ቀን ግን ከአፋር ቆላ በግመል ማሽላ ሊሸምቱ ከሚመጡት ሰዎች ያን አፍ የሚያቃጥለውን የሥር መፋቂያ ገዝቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነበር። ሳይናገር ሰጥቶኝ ይወጣል። እኔም ጫፉን ልጬ፣ አኝኬ እንደ ጭራ አደርገውና ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግጄ እፍቃለሁ፣ ምሳ በልቼ እፍቃለሁ። ድዴ ቡራቡሬ ከሆነ ጥርሴን ማንም አንድ ነገር አይለውም ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። እንዳልኩትም ሆነ። እኩዮቼ ባዶ አፍ ሆነው እኔ ጥንቅሽ እልጥ ነበር። የምትስቅብኝ ሴት ራሷ ከፊት ወርቅ ያስገባችው የራሷ ስላለቀባት ነው፤ ወርቅ ለጌጥ ነው እያለች ሰው ብታታልልም እኔ ጥርሷ ሲበሰብስ አውቃለሁ፣ በር ለበር ነው የኖርነው።

እንግዲህ አምና የተነቃነቀችው ጥርስ ለእኔ ጥርስ ብቻ አልነበረችም። በዚያ ላይ አንድ ነገር ደግሞ ተጨመረበት። ሙሽራዋ ልጄ፣ ማለት የልጄ ልጅ፣ እማ ነው የምትለኝ፣ በዚያኑ ማታ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ «እማ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለችኝ።

«ምን?»

«በሠርጌ ቀን ሳትሸፍኚ ሳቂልኝ። ጥርስሽ የሚታይበት አንድ ፎቶ የለኝም እኮ።»

እሺም እንቢም አላልኳትም። ምላሴ ግን ወደዚያች ጥርስ ሄዶ ገፋ ሲያደርጋት ትንቀሳቀሳለች። ከወለቀች፣ በሙሽራዋ ፎቶ ላይ ግማሽ ጥቁር ድድና ቀዳዳ ይዤ መቅረቤ ነው። የባሌ እህትም ከመጀመሪያው የጀመረችውን ጨረሰች ማለት ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ቅርንፉድ ያዝኩባት። በቀኝ በኩል ማኘክ ተውኩ፣ በቀኝ በኩል መፋቅም ተውኩ፤ የሚደማ ድድ አይነካም፣ ክፉው ደም ወጥቶ ሲያልቅ ራሱ ይድናል ሲባል ነው ያደግኩት። ለነገሩ ያ ወገን ከቆየ ጀምሮ አልፎ አልፎ ይደማ ነበር፤ በደማ ቁጥር ለጥቂት ቀን አሳርፈዋለሁ። የተነቀሰ ድድ ክፉ ደሙን ያወጣል ይባል የለ? ሲደማ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ አልፈራም።

ጥርሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ባሰባት። ጎረቤቴ የሆነ ሰውዬ ገበያ ውስጥ በጉጠት የሚነቅል ሰው እንዳለ ነገረኝ። «አንዴ ነው እትዬ፣ አምጪ ብሎ ሳይጨርስ ያወጣታል» አለኝ። በዚያ ላይ ልጄ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ደረሰችና ተቆጣች።

«ሐኪም መጥቶልን፣ ዋናው መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንቺ ጉጠት ትፈልጊያለሽ?»

«ሐኪሙም የሚነቅለው በጉጠት ነው።»

«ሐኪሙ መጀመሪያ ያያል።»

የእኔ ችግር እሱ ነበር። ማየቱ።

የጥርስ ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ የወልድያ ልጅ ትመስለኛለች፣ ጓንቷን እያጠለቀች «ማዘር፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ማዘር ሲሉኝ አልወድም፤ የባጃጅ ልጆች የሚሉኝ ይበቃኛል። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲንጋለልና ጭንቅላቴ ሲወርድ የዚያን ቀን ጉልበቶች ትዝ አሉኝ፣ እጄ ሳላውቀው ወደ አፌ ሄደ።

«ማዘር፣ እጅዎን ያንሱልኝ። እንዲህማ ጥርስዎን አላይም።»

«ጥርሴን ነው ወይስ ድዴን የምታዪው?»

«ሁለቱንም። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።»

ከፈትኩ። ከባለቤቴና ከልጆቼ ሌላ ሰው ፊት እንዲህ አፌን ስከፍት የመጀመሪያዬ ነው። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። መብራቱን ጠጋ አድርጋ ቆይታ አየችና፦

«ይሄ ንቅሳት ማን ነው መሀል ላይ ያስቆመው?» አለች።

«እኔ።»

«እንዴት?»

«ነክሼ።»

ማስኩ ውስጥ ሆና ምን እንደሆነች አላየሁም፣ ትከሻዋ ግን ተንቀሳቀሰ። ልጄ ከበሩ አጠገብ «እማ!» አለች። እሷ ይህን ታሪክ ከእኔ አፍ ሰምታው አታውቅም፤ ከአክስቷ ነው የሰማችው፣ አክስቷ ደግሞ ያለ ምክንያት እንደነከስኳት አድርጋ ነው የምትተርከው። እንግዲህ ምክንያቱን አሁን አነበባችሁ።

ሐኪሟ ትንሽ መስታወት በእጄ ሰጠችኝና በቀጭን ብረት እያመለከተች አሳየችኝ። በግራ በኩል፣ ቀይ በቀረው ወገን፣ አንድ ቦታ ላይ ድዱ ትንሽ ቀላ ብሎ አብጧል። «ይሄን ያውቁታል?» አለችኝ። አውቀዋለሁ። እዚያ ቀላ ሲል እያየሁ በመፋቂያ እየዞርኩ አጸዳው ነበር፣ ወደ ደህናው ይመለሳልም። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች። ጥቁር ነው፣ ምንም አይታይም። በብረቱ ጫፍ ገና ነካ ስታደርገው ደሙ መጣ።

«አዩ? ይኸኛው ከወዲያኛው የበለጠ ታሟል። ቀለሙ ሸፍኖት ነው ሳያዩት የቆዩት። ሲደማስ ምን ያደርጋሉ?»

«እተወዋለሁ። ክፉ ደም ነው።»

«ክፉ ደም የሚባል ነገር የለም ማዘር። ድድ የሚደማው ሥሩ ላይ ቆሻሻ ሲቀመጥ ነው። እርስዎ ደግሞ ሲደማ ጭራሽ ማጽዳቱን ተዉት። ቆሻሻው እንደ ድንጋይ ደርቆ ድዱን ወደ ላይ ገፋው፣ ጥርሷ የምትይዘው አጣች።»

መስታወቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ጥሬ ሥጋ የተባለው፣ ሙሉ ዕድሜዬን በጉፍታ የሸፈንኩት ወገን፣ ሲታመም የሚናገር ጤነኛው ወገን ኖሯል። ያማረው፣ ወግ ያለው፣ ሙሽራ የሚያሰኘው ወገን ዝም ብሎ ሲበሰብስ ኖሯል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን እዚያ ወንበር ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ አፌ በደም ተሞልቶ፣ እንዲያ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

«ትነቀላለች?» አልኳት።

«አልዋሽዎትም፣ አሁን አላውቅም። እናጥባትና ትንሽ ጊዜ እንስጣት። ከሥር አጥንቱ ከያዛት ትቆያለች። የቀረው ሥራ ግን የእኔ አይደለም፣ የእርስዎ ነው።»

መታጠቡ ያማል፣ ድምፁም ደስ አይልም። ሲያልቅ ምላሴ በጥርሶቼ ጀርባ ሲሄድ የማያውቀው ቦታ የገባ መሰለው። ሐኪሟም እየጻፈች ሳይሆን እያሳየች አስተማረችኝ። መፋቂያውን አልከለከለችኝም። «መፋቂያው ጥሩ ነው፣ ግን እርስዎ የሚፍቁት ሰው የሚያየውን ብቻ ነው» አለች። ከፊት ያለው እንደ መስታወት ያበራል፣ ከውስጥ በምላስ በኩል ያለው ግን ተረስቷል። ለስላሳ ብሩሽ በጥርስ ሳሙና፣ ከድዱና ከጥርሱ መገናኛ ጀምሮ ቀስ ብሎ፣ ከውጭም ከውስጥም፤ በተለይ ማታ ከመተኛት በፊት። የሚደማውን ቦታ መሸሽ ሳይሆን እሱን ይበልጥ፣ ግን በቀስታ። ሻዬ ውስጥ ያለውን ስኳርም ጠየቀችኝ። ልጄ እኔን ቀድማ መለሰች፣ የማንኪያውን ቁልል በእጇ ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ጥንቅሽ ደግሞ በቢላ ይላጥ ተባልኩ። እሱን ስትለኝ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሚተረክ ነገር የለውም፣ የማታ ብሩሽና የጠዋት መፋቂያ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የምተፋው ሁሉ ሮዝ ነበር፣ ልቤ ይፈራል፣ እጄ ግን አልቆመም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነጭ መትፋት ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ምላሴ እንደ ልማዱ ሄዶ ጥርሷን ገፋት፣ አልተነቃነቀችም። ደግሞ ገፋት። ለሙሽራዋ እንኳ አልነገርኳትም። ደስታ ሲመጣ መጀመሪያ ለብቻዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ሠርጉ እየተቃረበ ሳለ፣ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ግቢዬ በር ላይ የባሌ እህት ቆማ አገኘኋት። ጉፍታዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ጠምጥማዋለች። ካለ ጉዳይ ወደ ቤቴ አትመጣም።

«ያቺ ሐኪም እንዴት ናት፣ እጇ?» አለችኝ፣ ሳትቀመጥ።

«ለማን ነው?»

«ለሰው።»

«ሰውዬው ጉንጩ አብጧል?»

ጉፍታዋን ዝቅ አደረገችው። ጉንጯ ዓይኗን ሊዘጋ ደርሷል። ልጆቿ ሁሉ ሩቅ ናቸው፣ ያ ጉጠተኛ ሰውዬ ደግሞ ወርቁን አይቶ ለመንቀል በጣም እንደተጣደፈ ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ። ለሁለት ሌሊት አልተኛሁም አለችኝ። ሕመም እንዲህ ሲያደርጋት ከአማቴ ለቅሶ ወዲህ አይቻት አላውቅም።

ደግ ሴት ነኝ ብዬ አልዋሽም። ልቤ መጀመሪያ ያለው «ቅርንፉድ ያዢበት» ነበር። ግን ሌላ ነገር ታየኝ፤ የዚያ ወንበር ወደ ኋላ መንጋለል ታየኝ። ነጠላ ጫማዬን አደረግኩና ባጃጅ ጠራሁ። በየጉድጓዱ ላይ «ያ ረቢ» ትላለች፣ እኔ «ቀስ በል አንተ» እላለሁ ለሾፌሩ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ግን ሳልል ቀረሁ።

ሐኪሟ ማደንዘዣ መርፌ ስታሳያት የባሌ እህት ልትነሳ ሆነች።

«ማዘር፣ አይዞዎት። ጭንቅላትዎን ብቻ አያንቀሳቅሱ» አለች ሐኪሟ። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ይያዙልኝ» አለችኝ።

ያዝኩ። ከኋላ ቆሜ ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሻሿ ተንሸራቶ ነበር፣ ፀጉሯ ሳስቷል፣ ትኩሳቷ እጄ ላይ ይሰማኛል። ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ አየችኝ። ሁለታችንም ምን እንዳሰብን ሁለታችንም አውቀናል።

«ጣቴን እንዳይነክሱኝ ደግሞ» አለች ሐኪሟ፣ እንደ ቀልድ፣ ለሁሉም ሰው እንደምትለው።

የባሌ እህት ግማሽ አፏ ደንዝዞ፣ ቃሉ እየተንሻፈፈባት፣ «መንከስ የእሷ ሥራ ነው» አለችና ያን ሌባ ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ምልክቱ እስከ ዛሬ አለ።

ሐኪሟ ጣቱን አየች፣ እኔን አየች፣ የነገርኳት ሁሉ ተገጣጠመላትና መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች። የባሌ እህት በግማሽ ፊቷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሁለቱም እጆቼ ጭንቅላቷን ይዘው ስለነበር የሚሸፍን እጅ አልነበረኝም። ይህን ያወቅኩት ሳቄ ካለቀ በኋላ ነው።

ወርቁ ሲነሳ ከሥሩ የነበረው ጥርስ ቀድሞ አልቋል። «ወርቁ ምንም አልሆነም» አለች ሐኪሟ ለብርሃኑ ከፍ አድርጋ እያየችው፣ «የበሰበሰው ከሥሩ ያለው ነው።» ይህን ያለችው ሐኪሟ ናት፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ብዬው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። የቀረውን ሥር አወጣችው፣ ወርቁን በጥጥ ጠቅልላ በእጇ ሰጠቻት፣ እብጠቱን የሚያጠፋ መድኃኒት ጻፈችላት፣ ሌላው ጥርሷም መታጠብ እንዳለበት ነገረቻት።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጥጧን ነክሳ ተቀመጠች። ቤቷ በር ላይ ስትወርድ፣ ጥጡን በምላሷ ወደ ጎን ገፍታ «ለሠርጉ ባዶ አፍ ሆንኩ» አለችኝ።

«ማታ ማታ ከውስጥ በኩል መቦረሽ ነው» አልኳት። «የቀሩትን አትርፊ። አንቺ እንደሆንሽ የሚታየውን ብቻ ነው የምታሳምሪው።»

አንቺ ማለቴን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ ወይም አፏ ደንዝዞ ነው። እኔ ግን አልመለስኩትም፣ እስከ ዛሬም አልመለስኩትም።

የሠርጉ ቀን ፎቶ አንሺው ቤተሰቡን በረድፍ ሲያቆም እኔና እሷን በሙሽራዋ ግራና ቀኝ አደረገን። ሙሽራዋ ክንዴን ጨመቅ አደረገችኝ፣ ምን ማለቷ እንደሆነ አውቄያለሁ። «እናቶች፣ ፈገግ!» አለ ልጁ። በዓይኔ ጠርዝ የባሌ እህት ጉፍታዋን ወደ አፏ ስታነሳ አየሁ። ያቺን እጅ አውቃታለሁ። እንዴት ሳትታዘዝ እንደምትነሳ፣ ጨርቁ አፍ ላይ ሲያርፍ ትንፋሹ እንዴት እንደሚሞቅ፣ ከሁሉ በላይ አውቃለሁ። በሙሽራዋ ጀርባ እጄን ሰድጄ ጉፍታዋን ወደ ታች ሳብኩት።

«ተይ፣ ይታይ» አልኳት።

«ቡራቡሬ» አለችኝ፣ በጥርሶቿ መሀል፤ ያኔ ነው ልጁ ያነሳን።

ለደግነት ነው ወይስ ለበቀል የሳብሽው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለሁለቱም ነው፤ ሁለቱም ተመችተውኛል። ፎቶው በትልቁ ታትሞ በልጄ ሳሎን ተሰቅሏል። ሙሽራዋ በመሀል ናት። በአንድ ወገን የባሌ እህት፣ አፏን ከፍታ፣ ከፊት ቀዳዳዋ እየታየ ቆማለች፤ ከዚያ ወርቅ ይልቅ ያምርባታል ብል ማንም አያምነኝም። በሌላው ወገን እኔ ነኝ፤ ድዴ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቀይ፣ ጥርሶቼም ሁሉም በየቦታቸው ናቸው፣ ያቺም ጭምር።

ዘንድሮ ጥንቅሽ ደርሷል። በቢላ እየላጥኩ ነው፣ ቃል ገብቻለሁና። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ትዘረጋለች፣ ትንንሹን እቆርጥላታለሁ። በቀዳዳዋ በኩል ጭማቂውን ስታፈስ አያታለሁ። ምንም አልላትም። ቁራጩን ግን ትንሽ ተለቅ አደርግባታለሁ።